የሳሳ አየርና የመኪና ጉልበት በወልድያ መንገድ፤ ስለ ቱርቦ ታሪክ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፥ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ለተሳፋሪ አንድ መንገድ ነው፤ ለሞተር ግን እንደዚያ አይደለም። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ወልድያ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ከወልድያ ወደ ምዕራብ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከሀብሩ ቆላ ጠዋት የተነሣ መኪና ከቀትር በፊት ሦስት ዐይነት አየር ይተነፍሳል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ነገር ትንሽ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው በዚሁ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ሥራቸው ምን እንደ ነበረ ስጠይቃቸው ታኮ ይዞ መኪና መከተል ነው አሉኝ። መኪናው ጭነቱን ይዞ ዳገት ሲጀምር ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ ያዘግማል፤ ረዳቱ ከእንጨት የተጠረበውን ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ በእግሩ ይሄዳል፤ ሞተሩ የደከመ እንደ ሆነ ታኮውን ከጎማው ሥር ይሸጕጣል። ሰው በእግሩ የሚደርስበት መኪና ምን መኪና ነው ብዬ ሳቅሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሳይሆን የሚጠና መሆኑ ገባኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። ይኸውም፦ ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ከፍታ የሚያመጣውን ድካም ለማሸነፍ የሚያገለግል ከሆነ፥ ተራራ በበዛበት በእኛ አገር ብዙው የመስክ መኪና ስለ ምን ያለ ቱርቦ ቈየ? ዛሬስ በየጋራዡ ሲጨመርበት ስለ ምን አንዱ መኪና ይበረታል፥ ሌላው ይሰበራል? መልሱ የሚገኘው በሞተር ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በታሪክም ጭምር ነው።

ከፍታ ከሞተር የሚወስደው

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ሻማ አብርተው ብርጭቆ ደፉበት፤ ነበልባሉ ቀስ በቀስ ደክሞ ጠፋ። የሞተርም ነገር ከዚህ አይለይም። ናፍጣ ብቻውን ጉልበት አይሆንም፤ ከአየር ጋር ሲነድ ነው ጉልበት የሚሆነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ማለትም በአንድ ሊትር ቦታ ውስጥ የሚገኘው አየር ክብደቱ ይቀንሳል።

በሳይንስ በታወቀው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት፥ በመርሳ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲመዛዘን በአንድ ሰባተኛ ያህል የሳሳ ነው። በወልድያ አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል፤ በ3,000 ሜትር ሩብ ያህል ይጎድላል። ይህን ወደ መኪና እንመልሰው። በአገራችን እጅግ የታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ሞተር፥ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፥ 4.2 ሊትር ሲሆን በባሕር ወለል 130 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው። በግምት ሲሰላ ያው ሞተር በመርሳ 111፥ በወልድያ 105፥ በጋሸና አካባቢ ደግሞ 96 የፈረስ ጉልበት ያህል ይቀረዋል። ጭነቱ ግን አልቀነሰም፤ ዳገቱም አልቀነሰም። ሾፌሩ መኪናውን የገዛው በ130 ነው፤ ተራራው ላይ የሚነዳው በ96 ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሞተሩ አየር ሲያንሰው የናፍጣው መጠን አብሮ ካልተቀነሰ ያልነደደው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ይግላል። በዳገት ላይ የሚታየው ጥቁር ጭስ ብዙ ሰው እንደሚመስለው የጉልበት ምልክት አይደለም፤ የእጦት ምልክት ነው።

የቱርቦ ልደት

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ ያኛው ሲዞር ሁለተኛው አብሮ ይዞርና ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። በዚህ ዐይነት በማርሚታ በኩል በከንቱ ይወጣ የነበረው ኀይል ለሞተሩ እስትንፋስ ይሆናል። አሳቡን ያፈለቀው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1905 ነው። ይህም ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከማየታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ለጥያቄያችን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ1918 የተደረገው ፈተና ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም፤ አውሮፕላኖች ወደ ላይ ሲወጡ ሞተራቸው ይደክም ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣው። ቦታው 4,300 ሜትር ያህል ነው፤ በላስታ ካለው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጋር የሚተካከል ከፍታ ነው። በታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ ላይ 230 ብቻ ሆነ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ።

ከዚህ ፈተና የምንማረውን ልብ ማለት ይገባል። 356 ከ350 የሚበልጠው በ6 ብቻ ነው። ቱርቦው በዚያ ተራራ ላይ የሠራው ትልቁ ሥራ አዲስ ጉልበት መጨመር ሳይሆን ከፍታው የወሰደውን መመለስ ነበር። መመለስና መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ የጽሑፌ ማጠንጠኛ ይኸው ነውና።

ከዚያ ወዲህ ቱርቦ በመርከብ ሞተር ላይ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ዋለ። በ1938 (እ.ኤ.አ.) የስዊሱ ሳውረር ፋብሪካ ቱርቦ ያለው የጭነት መኪና ሞተር ሠራ። የተራራ አገር ሰዎች ለተራራ ችግር መላ ፈለጉ ማለት ነው።

በወሎ መንገድ ላይ

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ በዚሁ ፍጥነት አልሄደም። ኢትዮጵያና ኢጣልያ በ1920 ዓ.ም. በተዋዋሉት የወዳጅነት ውል ውስጥ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የሚል ስምምነት ነበረ፤ ሆኖም ሳይፈጸም ቀረ። መኪና በብዛት ወደ ወሎ የገባው በውል ሳይሆን በወረራ ነው። ደሴ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ የባዶሊዮ ጦር ከ1,500 በላይ መኪናዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ያን ሁሉ መኪና ካዘገዩት ነገሮች አንዱ የጣርማ በር ዳገትና በዚያ የፈረሰው መንገድ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣልያኖች መንገዱን ከሰሜን በወልድያና በደሴ በኩል ወደ ደቡብ ለከባድ መኪና እንዲሆን አድርገው ሠሩት።

በዚያ ዘመን ከታወቁት የጭነት መኪናዎች አንዱ ፊያት 634 ነበር፤ የአገራችን ሰው ትሬንታ ኳትሮ ይለው ነበር። ሞተሩ ከ8 ሊትር በላይ ሲሆን ጉልበቱ 80 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነበር፤ ቱርቦም አልነበረውም። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ፊያት 682 መጣ። ኤን ትሬ የሚባለው ዐይነት ሞተሩ ከ11 ሊትር በላይ ነበር፤ እሱም አየር የሚስበው በራሱ እስትንፋስ ነበር። አጎቴ ታኮ ይዘው የተከተሉት ይህን መኪና ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ዳገቱን የመለሱት አየሩን በመጭመቅ ሳይሆን ሞተሩን በማግዘፍና ማርሹን በማሳጠር ነው። መኪናው ይደርሳል፤ ግን ያዘግማል።

ይህ ዘመን ትቶልን ያለፈው ማስረጃ በጋራዥ ቋንቋ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሰማል። ማርሽ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ጎማ፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ማርሚታ፥ ናፍጣ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። መካኒኮቻችን የከባድ መኪናን ሙያ የተማሩት ቱርቦ ከሌለው ሞተር እንደ ሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ጆሮአቸውም እጃቸውም የለመደው ያንን ሞተር ነው። ይህን ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

የመንገዱ ጉዳይ ከንግድ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሆነው በረኀብ ዘመን ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በጸና ጊዜ ብዙ ሕዝብ እህል ፍለጋ ወደ መኪና መንገድ ወርዶ ነበር። ሰው ወደ መኪናው መጣ እንጂ መኪናው ወደ ሰው መውጣት አልቻለም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ደግሞ መኪና በማይደርስባቸው ደጋ ቦታዎች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ከአየር እስከ መጣል ደረሱ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የመንገድ አለመኖር ነው፤ የሞተር ድካም ብቻውን አይደለም። ይሁን እንጂ መንገድ ቢኖርም ዳገቱን የሚወጣ ጉልበት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያና ቻይና በ1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት ከመሠረቱ በኋላ በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልድያ መንገድ የድልብን ዳገት ለመኪና ከፈተው፤ ሆኖም መንገድ ተራራውን ዝቅ አያደርገውም።

የመስክ መኪናው ምርጫ

በመስክ መኪና ረገድ መጀመሪያ የታወቀው ላንድሮቨር ነበር። በኋላ ቦታውን ላንድክሩዘር ወሰደ። የላንድክሩዘር አባት የሆነው መኪና በ1951 (እ.ኤ.አ.) ተሠርቶ የተፈተነው በጃፓን የፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ በመውጣት ነው። ልደቱ በዳገት ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን ቱርቦ አልነበረውም። ፋብሪካው በላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ላይ ቱርቦ የጨመረው በ1985 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ነው።

በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሞተሮች እንደ መንትያ ወጡ። አንደኛው ከላይ የጠቀስሁት ዋን ኤች ዜድ ነው፤ ቱርቦ የለውም። ሁለተኛው ዋን ኤች ዲ ቲ ሲሆን ቱርቦ አለው። ስፋታቸው እኩል 4.2 ሊትር ነው፤ የሁለተኛው ጉልበት ግን ወደ 165 ይደርሳል። ታዲያ እርዳታ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ገጠር የላኩት በብዛት የትኛውን ነው? ደካማውን ነው። በአገራችን ሃርድቶፕ የሚባለው ረጅሙ መኪና፥ በየወረዳው አምቡላንስ ሆኖ የምናየው፥ የሚሠራው በአብዛኛው በዋን ኤች ዜድ ነው።

ይህ ምርጫ ስሕተት አልነበረም። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው የሞተሩ ዘይት ነው። ዘይቱ በጊዜው ካልተለወጠ፥ አቧራ በፊልትሮ አልፎ ከገባ፥ ሾፌሩም ዳገት ጨርሶ ሞተሩን ሳያሳርፍ ወዲያው ካጠፋ፥ ዘንጉ ይቃጠላል። ውኃና ቈሻሻ የተቀላቀለበት ናፍጣ በሚቀዳበት፥ ከጋራዥ የራቀ ቦታ ለሚሠራ ሰው፥ ቀርፋፋና የማይሰበር መኪና ከፈጣንና ከሚሰበር ይሻለዋል። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ቱርቦ የቀረው ከፍታው ስለማይጠይቀው ሳይሆን አያያዙን የሚችል ሥርዓት በየቦታው ስላልነበረ ነው።

በጋራዥ የሚጨመር ቱርቦ

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በወልድያ ዳገት ላይ የሚታዩት ሲኖትራክ የሚባሉት የቻይና መኪናዎች 9.7 ሊትር በሆነ ሞተር 336 ወይም 371 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ቱርቦ ከፋብሪካ አብሮአቸው የተሠራ ነው። ከትሬንታ ኳትሮ 8 ሊትርና 80 ጉልበት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን አንባቢ ራሱ ይፍረድ። የሃርድቶፕ ባለቤት ከኋላው የመጣ ባለ ትልቅ ጭነት መኪና በዳገት ሲያልፈው ያያል፤ ስለዚህ ለእኔም ቱርቦ ይግባልኝ ይላል።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ በሄድሁ ጊዜ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ መኪናዎች አየሁ። ሁለቱም ዋን ኤች ዜድ ናቸው፤ ሁለቱም ቱርቦ ተጨምሮባቸዋል። አንደኛው ከተጨመረበት ጀምሮ ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል፤ የመጣውም ዘይት ለመለወጥ ነው። የሁለተኛው ሞተር ተፈትቶ ቴስታታው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ስንጥቁ በዐይን ይታያል። አንደኛው መኪና ላይ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ ተወስኗል፤ የጭሱንም ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ከሾፌሩ ፊት ተገጥሟል። በሁለተኛው ላይ ግፊቱም ከፍ ተደርጓል፥ የናፍጣው መጠን የሚወሰንበት ብሎንም ጥቁር ጭስ እስኪወጣ ድረስ ተዞሯል፤ መለኪያ ግን የለም።

የዚህ ምክንያት ከላይ በተናገርነው የመንትያዎቹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፋብሪካው ቱርቦ ያለውን ሞተር ሲሠራ መሣሪያውን ከጎን ለጥፎ አልተወም። በዋን ኤች ዜድ ናፍጣው የሚነደው በቴስታታው ውስጥ ካለች ትንሽ ክፍል ጀምሮ ነው፤ በባለ ቱርቦው ግን ናፍጣው በቀጥታ በፒስተኑ ራስ ላይ እንዲረጭ ተደረገ። አየሩ የሚታመቅበት መጠን ደግሞ ከ22 እጥፍ በላይ ከነበረው ወደ 18.6 እጥፍ ዝቅ አለ፤ ተጨማሪ ግፊት ሲመጣ ሞተሩ እንዲችለው ነው። በጋራዥ የሚጨመረው ቱርቦ ግን ይህን ሁሉ ሳይለውጥ የሚገባ ነው። ስለዚህ ያ ሞተር የሚችለው ግፊትና ሙቀት ውሱን ነው፤ ከወሰኑ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ያቺ ትንሽ ክፍል ያለችበት ቴስታታ ነው፥ ወይም ፒስተኑ ይቀልጣል።

እዚህ ላይ የፓይክስ ፒክን ፈተና እናስታውስ። በ3,000 ሜትር የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ነው። ግማሽ ያህል ባር ብቻ የሚገፋ ቱርቦ ይህን ጉድለት ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ማለትም በጋሸና ዳገት ላይ ዝቅተኛ ግፊት በቂ ነው፤ ፋብሪካው ለሞተሩ የሰጠውን ጉልበት ይመልስለታል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ተራራው የወሰደበትን ሳይሆን ሞተሩ መቼም ያልነበረውን ነው። መኪናው ከጋሸና ወደ መርሳ ሲወርድ ደግሞ አየሩ ስለሚወፍር ያው ቱርቦ በሞተሩ ላይ የሚጭነው ግፊት የባሰ ይሆናል። ስለዚህ በደጋ የተስተካከለ ቱርቦ በቆላም መፈተን አለበት።

በጋራዡ ያየሁትን ስሕተት በመካኒኩ ስንፍና ብቻ ማሳበብ አይገባም። ከላይ እንዳልሁት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፥ ከዋና ወደ ረዳት የተላለፈው ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ነው። በዚያ ሞተር ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ተደርጎ ይቈጠር ነበር፤ ብዙም ጉዳት አያመጣም ነበር። መሣሪያው አዲስ ሆነ፤ ልማዱ ግን የቀድሞው ነው። አዲስ መሣሪያ በአሮጌ ልማድ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ያ የተሰነጠቀ ቴስታታ ይናገራል።

መደምደሚያ

ነገሩ የመኪና ወዳጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከሀብሩ ቆላ ምጥ የጸናባትን እናት ጭኖ ወደ ወልድያ ሆስፒታል የሚወጣ ሃርድቶፕ እናስብ። ለዚያች እናት በዳገት ላይ የሚተርፍ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ጉልበት ቅንጦት አይደለም። ግን ያው መኪና ቴስታታው ተሰንጥቆ መለዋወጫ ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ በጋራዥ ቢቆም፥ በዚያ ወራት ውስጥ ለሚመጡት እናቶች ሁሉ ዝግተኛውም መኪና አልተገኘላቸውም ማለት ነው። ፈጣንነትና ደራሽነት አንድ አይደሉም።

እስካሁን ከተባለው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፥ ቱርቦ ለተራራ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ታላቁን ፈተናውን ያለፈው በተራራ ላይ ነው። ሁለተኛ፥ የመስክ መኪናዎቻችን ያለ ቱርቦ የቈዩት በቂ ምክንያት ኖሮ ነው፤ ይህ ምክንያት የዘይት፥ የፊልትሮ፥ የናፍጣ ጥራትና የሙያ ጉዳይ ስለሆነ ሊለወጥ የሚችል ነው። ሦስተኛ፥ በአሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ የሚጨምር ሰው ተራራው የወሰደውን ለመመለስ ቢያደርገው ይጠቅመዋል፤ ያልነበረውን ለማግኘት ቢያደርገው ይጎዳዋል።

የቴክኒክ ትምህርት የሚከታተሉ ባልንጀሮቼ በየከፍታው ልክ የሚስማማውን ግፊትና ሙቀት በወልድያና በመርሳ መንገድ ላይ በመሣሪያ ለክተው በአማርኛ ቢጽፉት፥ ለአንድ የወልድያ መካኒክ ከብዙ ምክር ይበልጥ ይረዳዋል። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ የቀድሞ ሾፌሮችና ረዳቶች በሕይወት ሳሉ ትዝታቸውን ብንመዘግብ መልካም ነው። አጎቴ ያን ታኮ እስከ ዛሬ በቤታቸው አስቀምጠውታል፤ አሁን የሚያገለግለው በር እንዳይዘጋ ለመደገፍ ነው። ከአንዱ ጎኑ ጎማ የነከሰው ምልክት ይታያል።